በግራም የማይለካ ወርቅ፦ ስለ ደቡብ አሜሪካ ጥንታዊ ጌጦች ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ስለ ደቡብ አሜሪካ ጥንታዊ የወርቅ ጌጦች የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንተ የወርቅ ነገር ትወዳለህ፣ አንብበው» ብሎ ነው የላከው። ሁለቴ አነበብኩት። ጸሐፊው ይህን ርዕስ መምረጡ ደስ ብሎኛል። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ጥቂት ነው። አጻጻፉም ያምራል። ይዘቱ ግን ብዙ ቦታ ላይ ስቷል። አንድ ሁለት ዓመተ ምሕረት ቢዛነፍ ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ይህ ግን የሰዎችን ሥራ ከእጃቸው የሚነጥቅ ስህተት ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። የደቡብ አሜሪካ ወርቅ የኢንካዎች ነው። ሠሪዎቹ ከመቀጥቀጥ ያለፈ ጥበብ አልነበራቸውም፤ ብዙው ጌጥም መዳብ የተቀላቀለበት «የማታለያ ወርቅ» ነው። አውሮፕላን የሚመስሉት ጥቂት ድንቅ ሥራዎች ከሌላ ዓለም በመጡ ፍጡራን እርዳታ የተሠሩ ናቸው። ኤል ዶራዶ ጫካ ውስጥ የጠፋ የወርቅ ከተማ ነው። ሕዝቡ የከበረ ድንጋይን ዋጋ አያውቅም ነበር። ጌጡ የወንድ ነገሥታት ሀብት ማሳያ ነበር። በመጨረሻም፣ አውሮፓውያን ባይወስዱት ኖሮ ዛሬ የምናየው ነገር አይኖርም ነበር። በየተራ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ላስቀድም። የታሪክ ተመራማሪ አይደለሁም። አጎቴ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሱቁ ውስጥ እውል ነበር። ደንበኛ ቀለበት ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ግራም ነው?» ብሎ ነው። አጎቴ ግን ቀለበቱን ይገለብጥና ብየዳውን ያይ ነበር። የማን እጅ እንደሠራው፣ የት ላይ እንደተቸገረ፣ የት ላይ እንደተካነ ከዚያ ይነግረኛል። እኔም ወርቅ የማየው እሱ ባስተማረኝ ዓይን ነው። ይህን ጽሑፍ ሳነብ ቅር ያለኝም ለዚህ ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ግራሙን ብቻ ነው ያየው።

በኢንካዎች ልጀምር። ይህ በቶሎ የሚያልቅ ነው። ኢንካዎች በዛሬዋ ፔሩ ካለችው ከኩዝኮ ከተማ ተነስተው ትልቅ ግዛት የሆኑት በ15ኛው መቶ ዘመን ነው። ስፔናዊው ፒሳሮ በ1532 ሲደርስ ግዛታቸው ገና መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ወርቁ ግን ከእነሱ እጅግ ይቀድማል። ፔሩ ውስጥ ቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ ሂስካይሩሞኮ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ከአንድ መቃብር ውስጥ አንድ ሐብል ተገኝቷል። ዘጠኝ የወርቅ ዶቃዎችና በመካከላቸው አረንጓዴ ድንጋዮች ተሰክተውበታል። ዕድሜው ወደ 4,000 ዓመት ይጠጋል። ከ2155 እስከ 1936 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሠራ ተለክቷል። በአሜሪካ አህጉራት እስካሁን ከተገኙት የወርቅ ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚ ተብሎ የተመዘገበው ይህ ነው።

ያን ሐብል ያደረገው ሰው ንጉሥ አልነበረም። ከአደን ኑሮ ወጥተው አንድ ቦታ መቀመጥ ከጀመሩ የጥቂት ቤቶች ነዋሪዎች አንዱ ነው። ከተማ የለም፣ ቤተ መንግሥት የለም። ወርቅና አረንጓዴ ድንጋይ ግን አንድ ክር ላይ ተሰክተዋል። ወርቅ ንጉሥን ተከትሎ ይመጣል ብለን ስለምናስብ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ረጅም የሕዝቦች ሰልፍ አለ። በሰሜን ፔሩ ኩንቱር ዋሲ የተገኙት የወርቅ ዘውዶች አሉ። ሞቼዎች አሉ፣ ዋሪዎች አሉ፣ ሲካን ወይም ላምባየኬ የሚባሉት አሉ፣ ቺሙዎች አሉ። ኢንካዎች ቺሙን ሲያሸንፉ ወርቅ ሠሪዎቹን ወደ ኩዝኮ ወስደዋቸዋል። «የኢንካ ወርቅ» ከምንለው ውስጥ ብዙው በእነዚያ በተወሰዱ ሰዎች እጅ የተሠራ ነው። በሰሜን በኩል ደግሞ በዛሬዎቹ ኮሎምቢያና ኢኳዶር ሙይስካ፣ ኪምባያ፣ ቶሊማ፣ ላ ቶሊታ የሚባሉ የየራሳቸው እጅና ስልት ያላቸው ሠሪዎች ነበሩ። አብዛኞቹ የኢንካን ግዛት አያውቁትም።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ጽሑፉ «ከመቀጥቀጥ ያለፈ ጥበብ አልነበራቸውም» ይላል።

እስቲ መቀጥቀጡን ራሱን እንየው። ወርቅ ሲቀጠቀጥ ይደነድናል። ዝም ብለው ከቀጠሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እሳት ላይ አግለው ያለሰልሱታል፤ ከዚያ እንደገና ይቀጠቅጡታል። መቼ ማቆም እንዳለበት የሚያውቀው እጅና ጆሮ ነው፤ ድምፁ ይለወጣል። የአንዲስ ሠሪዎች ይህን የሚያደርጉት እጀታ በሌለው የድንጋይ መዶሻ ነበር። አጎቴ ወርቁን በብረት ማሽን ውስጥ አሳልፎ ነበር የሚያሳሳው። እነዚያ ሰዎች በድንጋይ ከወረቀት የማይተናነስ ሉህ አውጥተው፣ ሰፍተውና በይደው ጭንብል፣ ዘውድና ዋንጫ ሠርተዋል።

ወናፍም አልነበራቸውም። እሳቱን የሚያቀጣጥሉት በአፋቸው ነው። አንድ የሞቼ ሸክላ ላይ ሰዎች ምድጃውን ከበው በረጅም ቧንቧ ሲነፉ ተቀርጿል። በሰው ትንፋሽ ብቻ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ ምድጃ አጠገብ የቆመ ሰው ያውቃል።

ኮሎምቢያ ውስጥ ደግሞ ዋናው ስልት ማፍሰስ ነበር። ሠሪው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ ከንብ ሰም ያበጃል። ሰሙን በሸክላ አፈርና በከሰል ዱቄት ይለብጠዋል። ሲደርቅ እሳት ላይ ያደርገዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ቦታው ባዶ ይቀራል። የቀለጠው ወርቅ ያን ቦታ ይሞላል። ሲቀዘቅዝ ሸክላው ይሰበራል። ለአማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከአንጥረኛ ሥራ ነው። ሰሙ ቅርጹን ይሰጣል፣ ወርቁ ይተካዋል። በሁለት አህጉር ያሉ፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ አንጥረኞች አንድ ዘዴ ላይ ደርሰዋል።

በቦጎታ የወርቅ ሙዚየም ውስጥ የኪምባያ ፖፖሮ የሚባል ዕቃ አለ። ከኮካ ቅጠል ጋር የሚታኘከውን ኖራ ለመያዝ የተሠራ የወርቅ ቅል ነው በሉት። ክብደቱ 777 ግራም ነው። ውስጡ ክፍት ነው፤ ላዩ እንደ ፍሬ ልጣጭ ለስላሳ ነው። ሙዚየሙ በ1939 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የያዘው ዕቃ እሱ ነው። ይህን «ከመቀጥቀጥ ያላለፈ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አላየውም ማለት ነው።

አሁን ወደ «ማታለያው» ልምጣ። አዎ፣ ብዙው ጌጥ የወርቅና የመዳብ ቅይጥ ነው። ስፔኖች ቱምባጋ ይሉታል። ጸሐፊው መዳቡ ወርቅ ለመቆጠብ የገባ ሸፍጥ አድርጎ ቆጥሮታል። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወርቅ ለብቻው በ1,064 ዲግሪ ይቀልጣል፤ መዳብ በ1,085። ሁለቱ በተገቢው መጠን ሲደባለቁ ግን ከሁለቱም በታች፣ ከ1,000 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣሉ። በትንፋሽ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቅይጡ ከንጹሕ ወርቅ ይልቅ ይጠነክራል። ሻጋታ ውስጥም በደንብ ይገባል። ዛሬም ጣታችን ላይ ያለው 18 ካራት ቀለበት ሩቡ ሌላ ማዕድን ነው። እኛ ወርቅ ሠሪውን አጭበርባሪ አንለውም።

ከዚያ የሚመጣው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ቅይጡ መጀመሪያ ቀላ ያለ ነው። ሠሪው በእሳት ያግለዋል። ላዩ ላይ ያለው መዳብ ይጠቁራል። ያን ጥቁር በዕፅዋት ጭማቂ ወይም በጨዋማ ማዕድን ያጥበዋል። እንዲህ ደጋግሞ ሲያደርግ ከላይ መዳቡ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ሲወለወል ቢጫ ሆኖ ያበራል። ከውጭ የተቀባ ነገር የለም። ወርቁ ከውስጥ ነው የወጣው። ፈርናንዴስ ደ ኦቪዬዶ የተባለው ስፔናዊ የታሪክ ጸሐፊ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ይህን የቅጠል ጥበብ አይቶ በአድናቆት ጽፏል።

የሜሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የሆነችው ሄዘር ሌክትማን ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። በሰሜን ፔሩ ሎማ ኔግራ ከተባለ ቦታ የወጡ የሞቼ ዕቃዎችንም መርምራለች። እነሱ ከመዳብ የተሠሩ ሆነው በጣም ስስ ወርቅ ለብሰዋል። የወርቁ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ አካባቢ ነው፤ ጠርዙ ላይ እንኳ እኩል ነው። ሌክትማን ሠሪዎቹ ወርቁን በማዕድን ጨዎች ውሃ ውስጥ አሟሙተው መዳቡ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ይችሉ እንደነበር በላቦራቶሪ ሠርታ አሳይታለች። ያለ ኤሌክትሪክ። ስለ ቅይጡም የሰጠችው ሐሳብ ልቤን ይነካዋል። ላዩ ላይ የሚታየው ነገር በውስጡም መኖር ነበረበት ትላለች። ማታለል ቢፈልጉ ከላይ መለበጥ ይቀላቸው ነበር። እነሱ ግን ወርቁን ከመላው አካል ጋር አዋሕደው፣ ከዚያ በትዕግሥት ወደ ላይ አወጡት።

ፕላቲነምንም ጽሑፉ ዘልሎታል። በኢኳዶርና በኮሎምቢያ ድንበር ባሕር ዳርቻ የነበሩት የላ ቶሊታ ሠሪዎች ከወንዝ አሸዋ ውስጥ ከወርቁ ጋር ነጭ ቅንጣት ያገኙ ነበር። ፕላቲነም የሚቀልጠው በ1,768 ዲግሪ ነው። ያን ሙቀት በዚያ ዘመን ማንም ሊያገኝ አይችልም ነበር። እነሱ ግን ማቅለጥ ሳያስፈልጋቸው ሠሩበት። የፕላቲነሙን ቅንጣት ከወርቅ ብናኝ ጋር ያደባልቃሉ። ሲያግሉት ወርቁ ይቀልጥና ነጩን ቅንጣት ያጣብቀዋል። ይቀጠቅጡታል፤ ደግመው ያግሉታል፤ ደግመው ይቀጠቅጡታል። በመጨረሻ አንድ ወጥ ብረት ይሆናል። ከዚያ የአፍንጫ ጌጥ ሠርተዋል፣ ወርቁ ከፕላቲነሙ ጎን የተቀመጠባቸው ትናንሽ ጭንብሎችም ሠርተዋል። አውሮፓ ስለዚህ ብረት በደንብ ያነበበችው ኡዮአ የተባለው ስፔናዊ በ1748 ካሳተመው ጽሑፍ ነው። መካከሉ ከ1,000 ዓመት በላይ ነው። ስፔናውያን የማዕድን ሠራተኞችማ የማይጠቅም ብለው ይጥሉት ነበር፤ «ፕላቲና» ማለት በእነሱ አፍ «ትንሿ ብር» ማለት ነው።

ስለ አውሮፕላኑ ብዙ አልልም። የሚባሉት ነገሮች ጥቂት ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸው የወርቅ ማንጠልጠያዎች ናቸው። ከኮሎምቢያ የተገኙ ናቸው። ክንፍና ጭራ አላቸው። ከእነሱ ጋር ከዚያው አካባቢ የወጡትን ብታዩ እንቁራሪት አለ፣ የሌሊት ወፍ አለ፣ አዞ አለ፣ ዓሣ አለ፣ ነፍሳት አሉ። ሠሪዎቹ እንስሳን ከእንስሳ ጋር ማዋሐድ ይወዱ ነበር። የወርቅ ሙዚየሙም እነዚህን ከእንስሳት ወገን ነው የሚመድባቸው። ጸሐፊው «ጀርመኖች ሞዴሉን ሠርተው አብርረውታል» ይላል። እውነት ነው፣ በ1994 አብርረዋል። ግን ሞተርና ፕሮፔለር ገጥመውበት ነው። ወርቁ ላይ ሞተርም ፕሮፔለርም የለም። በሰም ያን ክንፍ ያበጀው አንድ የቶሊማ ወይም የኪምባያ ሰው ነው። ስሙን አናውቀውም። ቢያንስ ሥራውን አንውሰድበት።

ኤል ዶራዶ ከተማ አይደለም። ቃሉ በስፔንኛ «ወርቅ የተቀባው» ማለት ነው፤ የሚናገረውም ስለ ሰው ነው። ሙይስካዎች ዛሬ ቦጎታ ባለችበት ደጋ ላይ ይኖሩ ነበር። ሁዋን ሮድሪጌስ ፍሬይሌ በ1636 እንደጻፈው፣ አዲስ ገዢ ሲሾም ሰውነቱ ላይ የሚያጣብቅ አፈር ይቀባና የወርቅ ብናኝ ይነፋበታል። ከአለቆቹ ጋር በታንኳ ላይ ሆኖ ጓታቪታ ወደተባለው ክብ ሐይቅ መሐል ይወጣል። እዚያ ወርቅና መረግድ ወደ ውሃው ይጥላል። በ1969 ደግሞ ገበሬዎች ፓስካ በተባለ ቦታ፣ ዋሻ ውስጥ፣ በሸክላ ዕቃ የተቀመጠ ትንሽ የወርቅ ታንኳ አገኙ። ርዝመቱ 19.5 ሴንቲሜትር ነው። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ሰው ቆሟል፤ ዙሪያውን ትናንሾች ከበውታል። ከዚያ በፊት በ1856 ከሲዬቻ ሐይቅ ሌላ ታንኳ ወጥቶ ነበር። እሱ ወደ ጀርመን ተወስዶ ብሬመን ወደብ ላይ በእሳት ጠፋ።

ጸሐፊው የዘለለው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ሙይስካዎች ደጋቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ወርቅ አልነበራቸውም። የነበራቸው ጨው ነው፣ የጥጥ ጨርቅ ነው፣ መረግድ ነው። ወርቁን በእነዚህ ለውጠው ከቆላ ያመጡታል። ከዚያ ቱንሆ የሚባሉ ትናንሽ ምስሎች ያፈስሱበታል። ቱንሆዎቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ብዙዎቹ አልተሞረዱም፣ አልተወለወሉም። ከሻጋታ እንደወጡ ናቸው። ሰው ሊያጌጥባቸው አልተሠሩምና ማሳመር አላስፈለገም። ለሐይቅ፣ ለዋሻ፣ ለመሬት የሚሰጡ ስጦታዎች ነበሩ።

ሌሎች ግን ሐይቁን በሚዛን አዩት። በ1580ዎቹ ሴፑልቬዳ የተባለ ነጋዴ የሐይቁን ጠርዝ አስቆፍሮ ውሃውን ለማፍሰስ ሞከረ። ጉድጓዱ ተደረመሰ። ቁርጡ ዛሬም ተራራው ላይ ይታያል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ውሃውን አፍስሶ ጨረሰ። ጭቃው ግን ፀሐይ ሲመታው እንደ ሲሚንቶ ደረቀ። ያገኙትን ጥቂት ዕቃ ለንደን ላይ ሸጡት። የኮሎምቢያ መንግሥት በ1965 ሐይቁን ከቁፋሮ ጠበቀው።

«የከበረ ድንጋይን ዋጋ አያውቁም ነበር» ለሚለው አንድ ታሪክ ይበቃል። በ1531 የፒሳሮ ሰዎች በኢኳዶር ባሕር ዳርቻ ኮዋኬ የተባለ ከተማ ዘረፉ። ብዙ መረግድ አገኙ። ከመካከላቸው አንድ መነኩሴ እውነተኛ መረግድ በመዶሻ ቢመታ አይሰበርም ብሎ ነገራቸው። ወታደሮቹ ድንጋዮቹን እየደበደቡ ሰባበሯቸው። መረግድ ጠንካራ ነው፤ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል። ከሁለቱ ወገን ዋጋውን የማያውቀው ማን እንደነበር ለአንባቢ እተወዋለሁ። ሙይስካዎች ዛሬ ቺቮር በሚባለው አካባቢ መረግድ ቆፍረው ያወጡ ነበር፤ ረጅም መንገድ ተጉዘውም ይነግዱበት ነበር።

ደግሞስ ዋጋ ማለት ምንድን ነው? ወርቅ ከሁሉ በላይ ነው የሚለው የእኛ ልማድ ነው። በ1526 አካባቢ ባርቶሎሜ ሩዊስ የተባለው የፒሳሮ መርከብ መሪ በኢኳዶር ባሕር ላይ ሸራ ያለው ትልቅ ታንኳ አገኘ። ታንኳው የወርቅና የብር ጌጥ፣ ጨርቅና ድንጋይ ጭኗል። የዚያን ቀን ማስታወሻ እንደሚለው፣ ይህ ሁሉ ዕቃ የተጫነው ቀይ የባሕር ዛጎል ሊለወጥበት ነው። ዛጎሉ ስፖንዲለስ ነው፤ ሞቃት ባሕር ውስጥ ጠልቀው የሚያወጡት፣ እሾሃማ፣ ቀይና ብርቱካናማ ቀለም ያለው። ከእሱ ዶቃ ይሠራል። ነጋዴዎቹ ወርቅ ሰጥተው ዛጎል ሊገዙ ነበር የሚሄዱት! ኢንካዎችም ዘንድ ጥሩ ሆኖ የተሸመነ ጨርቅ ከወርቅ የማያንስ ስጦታ ነበር።

ስለዚህ ጌጦቹን ስናይ ወርቁን ከጎረቤቶቹ መነጠል የለብንም። የሞቼ የጆሮ ጌጦች ወርቅ ብቻ አይደሉም። ቱርኩዋዝ የሚባለው ሰማያዊ ድንጋይ አለባቸው፣ ዛጎል አለባቸው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ተቆርጦ ቦታው ላይ ተለጥፏል። ሰማያዊው፣ ቀዩና ቢጫው አብረው ነው የሚናገሩት።

አሁን «የወንድ ነገሥታት ሀብት ማሳያ» ወደሚለው። በሰሜን ፔሩ ሲፓን አጠገብ በ1987 የተገኘው የሞቼ ጌታ መቃብር ለጸሐፊው የሚመች ምሳሌ ይመስላል። ጌታው በእርግጥ ወንድ ነው፤ በእርግጥም ብዙ ወርቅ ለብሷል። ግን አንገቱ ላይ ያለውን ሐብል እዩት። ሃያ የኦቾሎኒ ፍሬዎች። አሥሩ የወርቅ፣ አሥሩ የብር። ወርቆቹ በቀኙ በኩል፣ ብሮቹ በግራው። ሀብት ለማሳየት ብቻ ቢሆን ሃያውንም ወርቅ ማድረግ ይቻል ነበር። ተመራማሪዎች ይህን የዓለም ሁለት ወገን አድርገው ያነቡታል፤ ፀሐይና ጨረቃ፣ ቀኝና ግራ። ኦቾሎኒው ደግሞ የምድሩ ፍሬ ነው። በየመንገዱ እየፈለፈልን የምንበላው ኦቾሎኒ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው።

ከዚያው መቃብር የወጣ አንድ የጆሮ ጌጥ አለ። መሐሉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ጦረኛ ቆሟል። የእሱም አንገት ላይ ሐብል አለ፤ የጉጉት ጭንቅላቶች የተሰኩበት። በእጁ የያዘው ዱላ ይወጣል፣ ይገባል። ይህን ከሩቅ ማንም አያየውም። የሚያውቀው የሠራው ሰውና ጆሮው ላይ ያደረገው ጌታ ብቻ ነው። የአጎቴን የሱቅ መብራት ያስታወሰኝ ይህ ጌጥ ነው።

ወንድ ብቻ ለሚለው ደግሞ የካኦ እመቤት አለች። በ2005 ኤል ብሩሆ በተባለ የሞቼ ቦታ ተገኘች። ስትሞት ዕድሜዋ በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። ክንዶቿ ላይ እባብና ሸረሪት ተነቅሳለች። አርባ አራት የወርቅና የብር የአፍንጫ ጌጥ አብሯት ተቀብሯል። የጦር ዱላዎችም አብረዋት ነበሩ። በ2013 ደግሞ የፖላንድና የፔሩ ተመራማሪዎች ካስቲዮ ደ ዋርሜይ ላይ ያገኙትን የዋሪ መቃብር ለዓለም አሳወቁ። ከስልሳ በላይ ሰው ተቀብሮበታል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የወንድ ብቻ ነው ይባል የነበረው ትልቅ ክብ የጆሮ ጌጥ እዚያ ከከበሩ ሴቶች ጋር ተገኘ። ከወርቅ የተሠራ የሽመና መሣሪያም ነበር።

«ሀብት ማሳያ» በሚለው ላይ የመጨረሻ ነገር ልጨምር። የሲካን የወርቅ ጭንብል ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ቢጫ ሆኖ ቢታይም፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ቀይ ነበር። ሲናባር በሚባል ቀይ ማዕድን ይቀባ ነበር። በ2021 የወጣ ጥናት ከአንድ የሲካን መቃብር የተገኘ ጭንብል ላይ ያለውን ቀለም ሲመረምር የሰው ደምና የወፍ እንቁላል ፕሮቲን አገኘበት። ወርቁን በደምና በቀይ አፈር የሸፈነ ሰው ወርቄን እዩልኝ እያለ አይደለም። ሌላ ነገር እየተናገረ ነው፤ ምናልባትም ስለ ሕይወት።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ደረስኩ። «አውሮፓውያን ባይወስዱት ኖሮ ዛሬ አናየውም ነበር።» ይህን ሳነብ ጽሑፉን ዘግቼ ተነሳሁ። ፒሳሮ የኢንካውን ገዢ አታዋልፓን ካሃማርካ ላይ ያዘ። አታዋልፓ 6.7 በ5.2 ሜትር ያህል የሚሆን ክፍል አንድ ጊዜ ወርቅ፣ ሁለት ጊዜ ብር ሞልቶ ነጻ ሊወጣ ተስማማ። ከየአገሩ ዕቃው መጣ። ከቤተ መቅደስ የተነቀለ ሉህ፣ ዋንጫ፣ ምስል፣ ጌጥ። በ1533 ሁሉም ምድጃ ገባ። ወደ 6 ቶን ወርቅና ወደ 12 ቶን ብር ጡብ ሆኖ ወጣ። ያቀለጡት የአገሩ ወርቅ ሠሪዎች ናቸው፤ ሥራው ሳምንታት ፈጅቷል። አታዋልፓንም ገደሉት። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ስለ እነዚያ ሠሪዎች ነው። ከመካከላቸው የራሱን ወይም የአባቱን እጅ ሥራ ምድጃ ላይ ያደረገ ይኖር ይሆን? ዛሬ የምናየው ጌጥ አብዛኛው የተረፈው መቃብር ውስጥ ሆኖ ስላልተገኘ ነው።

አውሮፓ ደርሶ የተቀመጠም አለ፤ ልካድ አልልም። የኪምባያ ሀብት የሚባለው ከ120 በላይ ዕቃ ዛሬ ማድሪድ ነው። በ1890 ከመቃብር ወጣ፤ በ1893 የኮሎምቢያ መንግሥት ለስፔን ንግሥት ሰጠው። በ2017 ግን የኮሎምቢያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መንግሥት ዕቃው እንዲመለስ መጣር አለበት ብሎ ወሰነ። የመቅደላን ዘውድ ለንደን ላይ በመስታወት ውስጥ የምናይ እኛ ይህን ጥያቄ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ዝርፊያውም የቆየ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሲፓን መጀመሪያ የደረሱት ሌባ ቆፋሪዎች ናቸው። ዋልተር አልቫ የተባለው ፔሩአዊ አርኪዮሎጂስት ፖሊስ ጠርቶት ሲደርስ አንዱ መቃብር ተራቁቶ ነበር። የጌታውን መቃብር ያተረፈው በጥበቃ ስር እየቆፈረ ነው። ከተዘረፈው ውስጥ ትልቅ የወርቅ የወገብ ጌጥ በ1997 ፊላደልፊያ ላይ በ1.6 ሚሊዮን ዶላር ሊሸጥ ሲል ኤፍ.ቢ.አይ. ያዘው። በ1992 ደግሞ ኮሎምቢያ ውስጥ ፓልሚራ አጠገብ ማላጋና በተባለ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ጥንታዊ መቃብር ተገኘ። ወሬው ሲሰማ ሺዎች አካፋ ይዘው መጡ። የትኛው ሐብል ከየትኛው ሰው አንገት እንደወጣ አሁን የሚያውቅ የለም። ዶቃዎቹ አሉ። ግራማቸውም ይታወቃል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ከጽሑፉ በላይ የወጣውን ፎቶ ይመልከት። ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ስለት፣ ከላዩ ክንፍና ዘውድ ያለው ምስል፣ ቱርኩዋዝ የተሰካበት። ሥሩ «የኢንካ ንጉሥ ቢላ» ይላል። ቱሚ ይባላል። በ1936 ኢዪሞ ላይ የተገኘ የላምባየኬ ሠሪዎች ሥራ ነው፤ ኢንካዎች ያን ባሕር ዳርቻ ከመያዛቸው መቶዎች ዓመታት በፊት የተሠራ። ጽሑፉን ብዙ ሰው አጋርቶታል፤ ፎቶውን ብቻ አይቶ የሚያልፍም ብዙ ነው። «ቱሚ፣ ላምባየኬ፣ ሰሜን ፔሩ» ተብሎ ቢታረም ለእኔ ይበቃኛል።